ሥቃይን እንደ ጸሎት ስለ ማቅረብ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የመኝታ ክፍላችን ጓደኛ ታሞ ሦስት ሳምንት ያህል በአልጋ ላይ ቈይቶ ነበር። ማታ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ በአልጋው ዙሪያ ተቀምጠን እናጫውተው ነበር። ከነዚያ ምሽቶች በአንደኛው ከመካከላችን አንዱ «ዛሬስ እንዴት ዋልህ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «ክፉኛ አሞኝ ዋለ፤ ቢሆንም ለእናቴ አቀረብሁት» ሲል መለሰ። ልጁ ካቶሊክ ነው። እኛ ግን አነጋገሩ አልገባንም። ሕመም እንደ ገንዘብ ለሰው የሚላክ ነገር ነውን? ለእግዚአብሔርስ ቢያቀርቡለት ምን ያደርግለታል?

ከዚህ የተነሣ ክርክር ተጀመረና እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ቀጠለ። አንዱ፥ «ይህ ድኻው በድኽነቱ፥ የተበደለውም በበደሉ ዝም ብሎ እንዲኖር የሚያስተምር ትምህርት ነው» አለ። ሌላው፥ «በሰው ሥቃይ ደስ የሚለው አምላክ ካለ እኔ አልፈልገውም» ብሎ ተናገረ። በሽተኛው ሁሉንም በትዕግሥት ከሰማ በኋላ፥ «ተሳስታችኋል፤ ግን አሁን ለማስረዳት ዐቅም የለኝም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኛም አፈርንና መብራቱን አጠፋን።

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። ነገር ግን የማያውቁትን ነገር መንቀፍም ሆነ ማመስገን ለተማሪ ስለማይገባ፥ ከማግሥቱ ጀምሬ ስለዚህ ጕዳይ የተጻፈውን ሳነብና የሚያውቁትን ስጠይቅ ሰነበትሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያገኘሁትን ነው። የዘመን ቍጥሩ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

1. ነገሩ ምንድር ነው?

ካቶሊኮች «ሥቃይን ማቅረብ» ሲሉ ሥቃዩን ራሱን እንደ መልካም ነገር ቈጥረው ለእግዚአብሔር መስጠታቸው አይደለም። ሕመም ክፉ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም መልካም ነው ብላ አታስተምርም። የሚቀርበው ሰውየው ነው፤ ይኸውም በሕመሙ ውስጥ ያለ ፈቃዱ፥ ትዕግሥቱና ፍቅሩ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት የታመመ ልጇን ስታስታምም ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ብታድር፥ ለልጇ የሰጠችው እንቅልፍ ማጣትን አይደለም፤ ራሷን ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ግን ራሷን የሰጠችበት መንገድ ሆነ። ማንም ቢሆን «ይህች ሴት ድካምን ትወዳለች» አይልም፤ «ልጇን ትወዳለች» ይላል እንጂ።

አሁን ነገሩን በተግባር ብንመለከተው ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ፥ ሰውየው ሊያስወግደው ያልቻለውን መከራ ከማጕረምረም ይልቅ ይቀበለዋል። ሁለተኛ፥ በሐሳቡ ከክርስቶስ ሕማምና ሞት ጋራ ያገናኘዋል። ሦስተኛ፥ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ጕዳይ ይለምንበታል፤ ስለ እናቱ፥ ስለ ሞተ ወዳጁ፥ ስለ ራሱ ኀጢአት ሥርየት፥ ስለ ሰላም፥ ስለማያምኑ ሰዎች ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ ረዥም ቃል አያስፈልግም። ትኵሳት የያዘው ሰው መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ፥ ቆሞ መስገድ፥ ሐሳቡንም መሰብሰብ አይችልም። ጸሎት ልብን ወደ እግዚአብሔር ማንሣት ከሆነ ግን በአንዲት አጭር ቃል «ይህን ተቀበለኝ» ማለት ይበቃዋል። ስለዚህ ይህ ጸሎት ሌላ ጸሎት ለማይሆንለት ሰው የቀረ ጸሎት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

2. መሠረቱ ከወዴት ነው?

ዋናው መሠረት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 1 ቍጥር 24 ያለው ቃል ነው። በዚያ ላይ ሐዋርያው ስለ ምእመናን በሚቀበለው መከራ ደስ እንደሚለው፥ ከክርስቶስም መከራ የጐደለውን በሥጋው እንደሚፈጽም ይናገራል። ይህ ቃል ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። የክርስቶስ መከራ ጐደሎ ነበረን? የካቶሊክ መምህራን መልስ አይደለም የሚል ነው። የክርስቶስ መሥዋዕት ፍጹም ነው፤ የሚጨመርበት የለም። ነገር ግን ምእመናን የአንድ አካል ብልቶች ናቸው ተብሏል፤ ራስ የተቀበለውን ብልቶቹም ይካፈላሉ። ጐደለ የተባለው እንግዲህ የክርስቶስ ድርሻ ሳይሆን የኛ ድርሻ ነው።

ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ አንድ ብልት ሲታመም ብልቶች ሁሉ አብረው እንደሚታመሙ አስረድቷል። የጓደኛችን «ለእናቴ አቀረብሁት» ማለት የሚታወቀው በዚህ ሐሳብ ነው። በአንድ አካል ውስጥ የአንዱ መልካም ለሌላው ይደርሳል ብሎ ያምናል። አካሉ አንድ ነው የሚለውን ያልተቀበለ ሰው የቀረውን ሊቀበል አይችልም፤ የተቀበለ ግን የቀረው ብዙ አያስቸግረውም። እኛም በዚያች ሌሊት ስንከራከር ያደርን በዚህ መጀመሪያ ላይ ሳንስማማ ወደ መጨረሻው በመዝለላችን ነበር።

ከዚህም ሌላ፥ ዳዊት የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በመዝሙር 50 ላይ እግዚአብሔር ከሚቃጠል መሥዋዕት ይልቅ የተሰበረ ልብን እንደማይንቅ ተነግሯል። መሥዋዕት ከበግና ከወይፈን ወደ ሰው ልብ የተሻገረው እንግዲህ ከሐዲስ ኪዳን አስቀድሞ ነው።

በታሪክም ስንመለከት፥ የትሬንት ጉባኤ በ1551 ዓ.ም. ስለ ንስሐ ባስተማረው ትምህርት፥ ሰው በፈቃዱ ከሚያደርገው ቀኖና ሌላ፥ እግዚአብሔር ያመጣበትን መከራ በትዕግሥት ቢቀበል ያም በክርስቶስ በኩል ለካሣ እንደሚቈጠርለት አመለከተ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ፥ የምእመናን ሥራቸው፥ ጸሎታቸው፥ የትዳር ኑሯቸው፥ የዕለት ድካማቸውና ዕረፍታቸው፥ በትዕግሥት የቻሉትም ችግር ሁሉ በቅዳሴ ከክርስቶስ ሥጋ ጋራ አብሮ የሚቀርብ መንፈሳዊ መሥዋዕት መሆኑን ገለጸ። በላቲን ሥርዓት ቅዳሴ ካህኑ በጽዋው ውስጥ ባለው ወይን ላይ ጥቂት ውሃ ይጨምራል። ይህን ሥርዓት ብዙ መምህራን እንዲህ ብለው ያስረዱታል፤ ወይኑ የክርስቶስ ነው፥ የውሃው ጠብታ ግን የኛ ነው፤ ከወይኑ ጋራ ከተቀላቀለ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

3. የቫልስ ተማሪዎች

ይህን ክፍል ስናነብ እኛ ተማሪዎች በተለይ ልናስብበት ይገባል። በ1844 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ቫልስ በሚባል ስፍራ የኢየሱሳውያን ማኅበር ትምህርት ቤት ነበረ። ተማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩና ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች ሩቅ አገሮች ሄደው ወንጌልን ለመስበክ ይቸኵሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ ማጥናቱ ሰለቻቸው፤ ዋናው ሥራ በሩቅ አገር ሳለ እኛ እዚህ በመጽሐፍ ላይ ተደፍተን ጊዜያችንን እናባክናለን ማለት ጀመሩ። መንፈሳዊ መሪያቸው አባ ፍራንሷ ግዛቪዬ ጎትርሌ ይህን ባዩ ጊዜ፥ በታኅሣሥ ወር 3 ቀን በቅዱስ ፍራንሲስ ግዛቪዬ በዓል ሰብስበው አስተማሯቸው። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር፥ አሁን የምትሠሩትን ሥራና የሚያደክማችሁን ነገር ሁሉ ስለዚያ ሥራ ብታቀርቡት ከዛሬ ጀምሮ ሐዋርያት ናችሁ የሚል ነበር።

ከዚያች ንግግር «የጸሎት ሐዋርያነት» የሚባለው ማኅበር ተወለደ። በኋላም አባ ሄንሪ ራሚዬር በ1861 ዓ.ም. ባቋቋሙት መጽሔት ትምህርቱን በብዙ አገር አስፋፉት። የማኅበሩ አባል ጧት ሲነሣ በአንዲት አጭር ጸሎት የዚያን ቀን ጸሎቱን፥ ሥራውንና ሥቃዩን አስቀድሞ ያቀርባል። የሚያስደንቀው ነገር ሥቃይ ለብቻው አለመጠቀሱ ነው። ከሥራ ጋራ አብሮ ይቈጠራል። ስለዚህ ልምዱ የበሽተኛና የመነኵሴ ብቻ ሳይሆን የገበሬ፥ የልብስ ሰፊ፥ የተማሪም ነው። ፈተና ሲደርስ በማይወዱት ትምህርት ላይ ሌሊት ማምሸትም ከዚህ የሚቈጠር ነው ማለት ነው።

4. የሊዝዩዋ ተሬዛ

በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ይልቅ የታወቀችው በፈረንሳይ አገር በ1873 ዓ.ም. የተወለደችው ተሬዛ ናት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት በሊዝዩ ከተማ ወደ ቀርሜሎስ ገዳም ገባች፤ በ24 ዓመቷም በ1897 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ዕድሜዋ እንግዲህ ከኛ ዕድሜ ብዙ የራቀ አይደለም። በሕይወቷ ሳለች ከገዳሙ ውጭ የሚያውቃት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። የጻፈችው የሕይወቷ ታሪክ በሞተች በዓመቱ ሲታተም ግን ስሟ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ1925 ዓ.ም. ቅድስት ተባለች፤ ከገዳሟ ሳትወጣ የኖረችው ይህች ሴት በ1927 ዓ.ም. የወንጌል ልኡካን ሁሉ ጠባቂ ተብላ ተሾመች፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራን ጋራ ተቈጠረች።

ስለ እርሷ የማነሣው ከታላላቁ ነገር ይልቅ ትንንሹን ነው፤ ትምህርቷ በዚያ ላይ ነውና። በጸሎት ሰዓት ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት እኅት ዘወትር የሚያሰለች ድምፅ ታሰማ ነበር። ተሬዛ ዘወር ብላ በዐይኗ ልትገሥጻት ፈለገች፤ ነገሩ እስኪያልባት ድረስ አስጨነቃት። በመጨረሻም ድምፁን ላለመስማት መታገሉን ትታ እንደ ዜማ አድምጣ ለክርስቶስ አቀረበችው። በሌላ ጊዜ ልብስ ሲያጥቡ ከፊቷ የቆመችው እኅት እድፋም ውሃ ትረጭባት ነበር፤ እርሷ ግን ፊቷን ለመጥረግ እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። እነዚህ ነገሮች ሲነገሩ ያስቁ ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን የምንተኛ ተማሪዎች፥ ከትልቁ መከራ ይልቅ የጐረቤት ማንኰራፋት ትዕግሥትን ምን ያህል እንደሚፈትን እናውቃለን።

በሽታው በጸናባት ጊዜ በአትክልቱ ስፍራ ጥቂት እንድትራመድ ተመክራ ነበር። እጅግ ደክማ ስትራመድ ያየቻት እኅት ዕረፍት እንደሚሻላት ብትነግራት፥ ምናልባት በሩቅ አገር መንገድ የደከመው አንድ የወንጌል ልኡክ ይኖራልና ድካሜን ስለ እርሱ አቀርባለሁ የሚል መልስ ሰጠች።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ከ1896 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ወዲህ የሰማይ ተስፋ በልቧ ጨለመባት፤ ከሞት በኋላ ምንም የለም የሚል ሐሳብ እስከ ሞቷ ቀን ድረስ ሲታገላት ቈየ። እርሷም ይህን ጨለማ ሃይማኖት ስለሌላቸው ሰዎች አቀረበችው፤ ከእነርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጠች ቈጠረችው። ሕመሙም ሲበረታባት፥ ሃይማኖት ባይኖረኝ ኖሮ ራሴን ከመግደል ወደ ኋላ አልልም ነበር እስከ ማለት ደርሳለች። ይህን የምጽፈው ቅድስቲቱን ለማሳነስ አይደለም። ሥቃይን ማቅረብ ሥቃይን የሚያቀል መድኃኒት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። ያቀረበ ሰው ካላቀረበው ያነሰ አይታመምም።

5. ሕመምተኞች የሚሠሩበት ማኅበር

በኢጣልያ አገር የተወለዱት ሉዊጂ ኖቫሬዜ ገና በልጅነታቸው የአጥንት ነቀርሳ ይዟቸው ብዙ ዓመት ተሠቃይተው ነበር። ከዳኑ በኋላ ካህን ሆኑና በ1947 ዓ.ም. «የሥቃይ በጎ ፈቃደኞች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳባቸው፥ በሽተኛ የሰው ርኅራኄ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሱ ሥራ አለው የሚል ነበር። ካህኑ በ1984 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በ2013 ዓ.ም. ብፁዕ ተባሉ።

በዚህ ላይ ጥቂት ብናስብ መልካም ነው። ለረዥም ጊዜ የታመመ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚጐዳው ከንቱ ሆንሁ፥ ለሰው ሸክም ሆንሁ የሚለው ሐሳብ ነው። ጓደኛችን ከእናቱ ርቆ በአልጋ ላይ ሳለ ለእናቱ የሚያደርግላት ምንም ነገር አልነበረም፤ ገንዘብ የለውም፥ ደብዳቤ ለመጻፍም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእምነቱ ግን ለእርሷ የሚሰጠው አንድ ነገር ቀረው። እኛ በዚያች ሌሊት ልንነጥቀው የሞከርነው ይህንን ኖሯል።

6. ሦስት ስሕተቶች

ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ሊበላሽ ስለሚችል፥ በዚህ ልምድ ዙሪያ የሚታዩትን ሦስት ስሕተቶች መግለጽ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ሥቃይን መፈለግ ወይም ሐኪምን መሸሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ ሊድን የሚችለውን ሕመም አቀርባለሁ ብሎ መደበቅ ትዕግሥት አይባልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፥ ክርስቲያን ሥቃዩን የሚያስታግሥለትን መድኃኒት መቀበል እንደሚችል ገልጸዋል። ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ። ስለዚህ አድነኝ ብሎ መለመንና ያልተወገደውን ማቅረብ እርስ በርሳቸው አይቃረኑም።

ሁለተኛው ሥቃይን እንደ ነጋዴ መዝገብ መቍጠር ነው፤ ይህን ያህል ታገሥሁ፥ ይህን ያህል ይከፈለኛል ማለት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 ዓ.ም. ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ይህን ልምድ አንሥተው፥ በቀድሞ ዘመን የተጋነነና ምናልባትም ጤናማ ያልሆነ ነገር እንደ ነበረበት አልሸሸጉም። ቢሆንም ለዕለት ተዕለት ትንንሽ ችግር ትርጕም የሚሰጥ ስለ ሆነ እንደገና ቢታሰብበት መልካም መሆኑን አመለከቱ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም የሌላውን ሰው ሥቃይ ማቅረብ ነው። የተራበውን «ረኃብህን አቅርበው»፥ የተበደለውን «በደልህን ቻለው» ብሎ ማለፍ የዚህ ዓይነት ነው። ጓደኛችን ይህ ትምህርት ድኻውን በድኽነቱ ያስተኛዋል ያለው ይህን አይቶ ከሆነ እውነት አለው። ነገር ግን ነቀፌታው የሚደርሰው ትምህርቱን በሚያጣምሙት ላይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 ዓ.ም. በጥይት ቈስለው ከዳኑ በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ስለ ሥቃይ ትርጕም አንድ ታላቅ መልእክት ጻፉ። መልእክቱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚተረጕመው የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ነው። የክርስቶስ ትምህርት ስለ ሥቃይ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን እንደማይፈቅድ፥ የሰው ሥቃይ በዓለም ላይ ፍቅርን ለመቀስቀስ እንደሚጠራ በግልጽ ይናገራል። ሳምራዊው የቈሰለውን ሰው ቍስሉን አሠረለት እንጂ ቍስልህን አቅርብ አላለውም።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ሊያቀርብ የሚችለው የራሱን ሥቃይ ብቻ ነው። የባልንጀራውን ሥቃይ ሊያስወግድለት ይገባዋል። ይህን ሁለት ነገር ያለዋወጠ ሰው ሃይማኖትን ለግፈኛ መሣሪያ አድርጎ ይሰጣል።

7. መደምደሚያ

በመጨረሻ ያልተፈታልኝን ነገር ሳልናገር ባልፍ ታማኝነት አይሆንም። ይህ ትምህርት ሥቃይ ስለ ምን መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሰጠው፥ ከመጣ በኋላ ምን ላድርገው ለሚለው ነው። ማቅረብ የሚባለውን ነገር ገና ስለማያውቅ ሕፃን ሥቃይ ግን ምን እንደምል አላውቅም፤ በዚያ ላይ ያነበብሁት ሁሉ አላረካኝም። ጓደኛችንም እንደዚሁ እንደማያውቅ ነግሮኛል።

እርሱ አሁን ድኗል፥ ወደ ትምህርቱም ተመልሷል። ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት አነበብሁለት። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፤ «እኔን ጀግና አስመስለኸኛል። ከነዚያ ሌሊቶች በሁለቱ ማቅረብ ቀርቶ ማልቀስ እንጂ ሌላ አልቻልሁም። ጧት ሲነጋ ልቅሶውን አቀረብሁት። ደግሞም መድኃኒቱን በሰዓቱ እንድትሰጡኝ ስጮኽባችሁ እንደ ነበር ጻፍ።» እነሆ ጻፍሁለት።

ውድ አንባቢዎች፥ ይህን ትምህርት እንድትቀበሉ ለማስገደድ አልጻፍሁም። ነገር ግን በየመኝታ ክፍላችን የታመመ ጓደኛ አይጠፋም። አስቀድመን ውሃውንና መድኃኒቱን እናቅርብለት፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ሕመሙን ለማን እንዳቀረበ ቢነግረን ዝም ብለን እናድምጠው። በዚህ ጕዳይ ላይ ተቃዋሚ ሐሳብ ያለው ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ በአክብሮት እጋብዛለሁ።